ያለ ጀናዛ የወረደ ሙሾ

ልጆቹ ንገሪን አሉኝ። የልጅ ልጆቼ ናቸው፤ ለኢድ ከየትምህርት ቤታቸው ሲሰበሰቡ እግሬ ሥር ተኮለኮሉና፣ «አኮ፣ አያታችን፣ ለምንድነው ለቅሶ ቤት ሄደሽ ዝም ብለሽ የምትቀመጪው? ድሮ አገር የሚያስለቅስ አፍ ነበራት ይሉናል እኮ» አሉኝ። እኔ የተማርኩ ሴት አይደለሁም፤ ፊደልን የማውቀው ከሩቅ ነው። እኔ እየተናገርኩ ትልቋ ጻፈችው። ባላነሳው እወድ ነበር። ግን ልጅ ከጠየቀ ምን ይደረጋል?

የከሚሴ ሴት ነኝ። ቤቴ ከሚሴ ነው ማለቴ ነው እንጂ እግሬስ አንድ ቦታ አርፎ አያውቅም። በልጅነቴ አልቃሿን አክስቴን ተከትዬ መዞር ጀመርኩ፣ በዚያው ቀረሁ። እገሌ ቤት ሰው ሞተ ሲባል ጨፋ ሮቢት እወርዳለሁ፤ ባቲ ከሆነም ባቲ እሻገራለሁ። መኪና ካለ በመኪና፣ ከሌለ በእግሬ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠራኝ ነበር። በአማርኛም በኦሮምኛም ሙሾ አወርዳለሁ፤ አንዳንዴ ስንኙን በአንዱ ጀምሬ በሌላው እጨርሰዋለሁ፣ ያገራችን ሰው እንደሚያወራው። የዛሬ ዑስታዞች «ሙሾ ሐራም ነው፣ ሰብር አድርጉ፣ ዱዓ አድርጉ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ አልከራከርም። በኛ ጊዜ ግን ሰውን ሳያለቅሱለት መቅበር እንደ ንቀት ይቆጠር ነበር።

አክስቴ ለቅሶ ቤት ስትደርስ ቀጥታ ወደ ድንኳኑ አትገባም። በጓሮ በኩል ትዞርና ውሃ የሚቀዱትን፣ እህል የሚያበጥሩትን ሴቶች ቀስ ብላ ትጠይቃለች። ምን ይወድ ነበር? በሬውን ማን ብሎ ይጠራዋል? ለመጨረሻ ጊዜ ከቤት የወጣው በየት በኩል ነው? ያን ከሰማች በኋላ ነው ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የምትገባው። ቃሉ ከየት እንደሚመጣላት አላውቅም ነበር። በኋላ ለኔም መጣልኝ።

ሕግ ነበረን። ያለ ጀናዛ፣ ያለ አስከሬን ማለት ነው፣ ሙሾ አይወርድም። በገዛ ቤት ውስጥ አይወርድም፣ ለመለማመድ እንኳ ቢሆን። የተጀመረ ሙሾ ደግሞ ሳይታሰር አይተውም። ማሰሪያ የምንለው የመጨረሻዋን ቃል ነው፤ ሟቹን በስሙ ጠርተን «ለአላህ አስረክበንሃል» እንልና አፋችንን በውሃ ተጉመጥምጠን እንተፋለን። ካልታሰረ ሙሾው ባለቤቱን ፍለጋ ይዞራል ትለኝ ነበር አክስቴ። ስትለኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለነበር፣ እኔም ሳልጠይቅ ፈራሁት።

የመጨረሻ ልጄ የሄደው ሙሾ በተውኩበት ዓመት ነው። «ባቲ ገበያ ደርሼ እመጣለሁ» ብሎ ሰማያዊ ሽርጡን አገልድሞ ወጣ። ፊቱን አላዞረም። በኋላ ሲገባኝ ባቲ የሄደው ለገበያ አልነበረም፤ እዚያ ከደላላ ጋር ተገናኝተው በአፋር በረሃ አድርገው ወደ ባሕሩ ወረዱ። ያገራችን ልጆች የሚሄዱበት መንገድ ነው፤ በረሃው፣ ከዚያ ባሕሩ፣ ከዚያ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። አንድ ቀን ከባሕሩ ዳር ደወለ። «እማ፣ ጀልባ እየጠበቅን ነው፤ ዱዓ አድርጊልኝ» አለኝ። ከጀርባው የብዙ ወንድ ልጆች ድምፅ ይሰማኛል፤ ይስቃሉ። ስልኩ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ጠፋ።

እንግዲህ እኔ በዚህ ላይ እያለሁ ነው አንዲት መምህርት የመጣችው።

ያመጣቻት የወንድሜ ልጅ ናት፤ ከሚሴ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ጠዋት በሬን አንኳኩታ፣ «አክስቴ፣ ነጋ? ፈያ? ደህና ነሽ? እንግዳ ይዤልሽ መጥቻለሁ፤ ከአዲስ አበባ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናት» አለችኝ። ወንድ ጠብቄ ሻሼን ሳስተካክል አንዲት ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች ሴት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። መሬት ላይ ነው ቁጭ ያለችው፣ ወንበር እያለ።

«እማማ፣ ሙሾ የሚያወርዱ ሴቶችን እየፈለግሁ ነው» አለች።

«ማን ሞቶብሽ ነው ልጄ?»

«ማንም አልሞተብኝም። ለትምህርት ነው።»

የወንድሜ ልጅ ሳቀች። «ነግሬሻለሁ፣ አክስቴ መጀመሪያ ጀናዛውን ነው የምትጠይቅሽ።»

መምህርቷ ምን እንደምታስተምር በትዕግሥት ነገረችኝ። የጥንት ሰዎች ግጥም ነው፤ የግሪኮችና የሮማዎች። አንዱ ግጥም ብቻ ተነግሮ እስኪያልቅ ቀናት ይፈጃል አለችኝ።

«ምን ቢያወሩ ነው ቀን የሚፈጅባቸው?»

«ስለ ጦርነት ነው። ስለ ጀግና። ባሕር ይዞት ወደ ቤቱ መመለስ ስላቃተው ሰውዬም አለ።»

ባሕር ስትል ዓይኔን ወደ ደጅ አዞርኩ። እሷ አላየችም።

ሊቃውንቱ በዚህ ግጥም ብዙ ዘመን ተከራክረውበታል አለች። አንዱ ወገን፣ ይህን ያህል የረቀቀ ነገር አንድ ሰው አስቦ ያበጀው ነው ይላል። ሌላው ወገን፣ የለም፣ የብዙ ሰው ቁርጥራጭ ተሰብስቦ የተሰፋ ነው ይላል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ወረቀቱን አስቀምጠው ፊደል የማያውቁ ዘፋኞች ወዳሉበት አገር ሄዱ። ያንኑ ዘፈን አንድ ጊዜ ያዘፍኑታል፣ ቆይተው እንደገና ያዘፍኑታል፣ ሁለቱን ያስተያዩታል።

«ሰውዬው ግጥሙን እንደ ቁርኣን ሸምድዶ እንደማይለው ያኔ ገባቸው» አለችኝ። «የተዘጋጁ ስንኞች አሉት። መንገድ የሚወጣ ሰው ካለ የመንገድ መውጫ ስንኝ አለችው፤ ፀሐይ ስትወጣ የፀሐይ ስንኝ አለችው። ሰው ፊት ቆሞ እነዚያን እያነሳ፣ የቀረውን እዚያው እየፈጠረ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት የማይዘፍነው፤ እሱ ግን አንድ ዓይነት ነው ብሎ ይምላል።»

ወላሂ አፌን ያዝኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁትን፣ ከየት እንደሚመጣልኝ የማላውቀውን ነገር፣ ይቺ ሴት በመነጽሯ ውስጥ እያየች ነገረችኝ። ደስ አለኝ። ደግሞም ትንሽ ፈራሁ፤ ሰው ሆድ ውስጥ ያለውን እንዲህ የሚያውቅ ሰው ያስፈራል።

«ሮማዎቹስ?» አለቻት የወንድሜ ልጅ፤ እሷም ተስባ ነበር።

«የሮማው ገጣሚ ተቀምጦ በብዕር ነው የጻፈው። ግን የግሪኮቹን ስንኞች በጆሮው ይዞ ነው፤ የሚያነብ ሰው የድሮው ድምፅ ከሥር እንዲሰማው። ሴቶቹ የሚያለቅሱበት ቦታ ሲደርስ እሱም እንደነሱ ያስለቅሳቸዋል። አንዲት እናት ግንብ ላይ ወጥታ የሞተ ልጇን የምታለቅስ አለች።» ወደ እኔ ዞረች። «እኔ የማጠናው እሱን ነው፣ የሴቶቹን ለቅሶ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ያ ለቅሶ የወንዶቹ ግጥም አይደለም ይላሉ። ሴቶች በየቤቱ የሚያወርዱት ነበር፤ ዘፋኞቹ ሰምተው ወደ ግጥማቸው አስገቡት። አሠራሩ ራሱ ይለያል። መጀመሪያ ሟቹን ትጠራዋለች፤ ከዚያ የነበረውንና የሚመጣውን ትናገራለች፤ መጨረሻ ተመልሳ ትጠራዋለች።»

«እኛስ ሌላ ምን እናደርጋለን?» አልኳት።

እዚህ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር።

«አንድ የምንከራከርበት ቦታ አለ፣ እማማ። ሰውዬው ከተማው በጠላት ተከቧል። ሚስቱን ተሰናብቶ ሊዋጋ ይወጣል። ቤቱ ያሉት ሴቶች፣ እሱ ገና በሕይወት እያለ፣ ለቅሶ ይቀመጡለታል።»

«በሕይወት እያለ?»

«አዎ።»

«አስተግፊሩላህ! ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሞተ።»

«እነሱ ናቸዋ የገደሉት!»

የወንድሜ ልጅ ከት ብላ ሳቀች። መምህርቷ አልሳቀችም። «አንዳንዱ ሊቅ፣ ገጣሚው መጨረሻውን ስለሚያውቅ ለሰሚው አስቀድሞ ጠቆመው ይላል። ሌላው ደግሞ፣ የዚያን ጊዜ ሰሚ ይህን ሲሰማ እንደ እርስዎ ይደነግጥ ነበር፤ ገጣሚው የፈለገውም ያንን ድንጋጤ ነው ይላል። ለዚህ ነው የሚደነግጥ ሰው ፍለጋ የመጣሁት። ለሕያው ሰው ሙሾ ቢወርድ ምን ይሆናል?»

«ልጄ፣ እሱን ጥያቄ ከቤቴ አውጪልኝ» አልኳት።

ወዲያው ይቅርታ ጠየቀች። ግን አንዴ ገብቷል። ጥያቄው እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

ካልሆነ አንድ ብቻ፣ ድሮ የሞተ ሰው ሙሾ ላሰማት ለመነችኝ። እምቢ አልኩ። የወንድሜ ልጅ ለመነችኝ። ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ መጥታ ባዶ እጇን መመለሱም ከበደኝ። አስቤ አስቤ፣ ከቤቴ ውጪ ይሁን፤ ሟቹም ዘመድ የሌለው፣ አንድ ጊዜ የታሰረለት ሰው ይሁን አልኩ። የጨፋ ሮቢት እህል ነጋዴ ትዝ አለኝ። እናት አባት የለው፣ ልጅ የለው፤ በበረሃው መንገድ ወጥቶ በቅሎው ብቻዋን ነው የተመለሰችው። ያኔ ሬሳው ከቀናት በኋላ ሲገኝ አክስቴ ናት ያለቀሰችለት። እሱን ብቀሰቅሰው ማን ይጎዳል?

በባጃጅ ወደ ቦርከና ወንዝ ወረድን። ባለባጃጁን መንገድ ላይ አቁመን እኛ ወንዙ ዳር ካለ ዋርካ ሥር ተቀመጥን። የጨፋ ሜዳ አረንጓዴ ነበር፤ ከብቱ እስከ ሆዱ ሣር ውስጥ ገብቷል። መምህርቷ የክብሪት ቤት የምታክል መቅረጫ አውጥታ ነጠላዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። አፌ መጀመሪያ ደርቆ ነበር፤ በኋላ መጣ።

የሮቢት ገበያ ማን አለ ሰፋሪሽ፣
ቁናውን ጥሎብሽ ሄደ አሳዳሪሽ።
መንገድ ወጣ አሉኝ ፊቱን ሳያዞር፣
በቅሎው ብቻዋን መጣች ከበረሃው ዳር።

እስከ ማሰሪያው አደረስኩት። ወንዙ ውስጥ ወርጄ አፌን ተጉመጠመጥኩ። ምንም አልሆነም። ልቤ ቀለል አለኝ፤ እንዲያውም «ምነው እንዲህ ፈራሁ?» ብዬ በራሴ ሳቅሁ።

«እማማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙልኝ» አለች። «እንደ ተመራማሪዎቹ። ሁለቱን ለማስተያየት ነው።»

ደገምኩ። ያልተረዳሁት እዚህ ጋ ነው። ያ ነጋዴ በመጀመሪያው አልቆ ነበር። እኔ እሱን የማውቀው በጥቂቱ ነው፤ ቁናውን፣ በቅሎውን፣ ያ ነው። ያንን አንዴ ከፍዬዋለሁ። ሁለተኛ ስጀምር ስንኞቹ መጡ፣ ሰውዬው ግን አልመጣም። ባዶ ነበር። ሙሾ ደግሞ ባዶ አይወድም፤ ሆድሽ ውስጥ ያለውን እየዳበሰ ያነሳል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ድምፄ ከመጀመሪያው እንደሚበልጥ ይሰማኛል፤ መምህርቷ ስታለቅስ ይሰማኛል፤ ጥሩ እየወረደልኝ ነው ብዬ ነው የማስበው።

የመጨረሻዬ ዋ፣ ጉያዬ ያደርክ፣
ጀልባው ጋ ሲስቁ ድምፅህን ለየሁልህ።
መንገድ ወጣ አሉኝ ፊቱን ሳያዞር፣
ሽርጡ ረጠበ በሰው አገር ባሕር።

ክንዴን አንድ እጅ ጨመደደኝ። የወንድሜ ልጅ ናት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አክስቴ! ምን እያልሽ ነው? ነጋዴው ምን ሽርጥ ምን ባሕር አለው? ያ እኮ የልጅሽ ነው!»

አቆምኩ። ከመሃል አቆምኩ።

እንግዲህ አስቡት። ለሕያው ልጄ፣ በገዛ አፌ፣ ያለ ጀናዛ ሙሾ አውርጃለሁ። ልሰረው ብል ስሙን ጠርቼ «ለአላህ አስረክበንሃል» ልል ነው፤ በእጄ ቀበርኩት ማለት ነው። ሳላስር ብተወው ባለቤቱን ፍለጋ ይዞራል። ወንዙ ዳር ቆሜ ውሃ በእፍኜ ይዤ፣ ልጉመጥመጥ ወይስ አልጉመጥመጥ፣ አላወቅሁም። ውሃው በጣቶቼ መሃል ፈስሶ አለቀ። ሳልጉመጠመጥ ተመለስኩ።

መምህርቷ ነገሩን ስትሰማ ከኔ ብሳ ደነገጠች። «እማማ፣ አላወቅሁም፤ ልጅ በባሕር እንዳለዎት አልነገረችኝም» እያለች መቅረጫዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። «ላጥፋው? አሁን እዚሁ ፊትዎ አጠፋዋለሁ።»

አጥፊው ልል አፌን ከፈትኩ። ወዲያው ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። እዚያች ዕቃ ውስጥ ያለው ልጄ ነው። አጥፊው ብዬ፣ እሱም እዚያ እንዳለበት ቢጠፋስ?

«አታጥፊው» አልኳት። «ለማንም አታሰሚው። አንቺም አትስሚው። ባሕርም እንዳታሻግሪው።»

«ወደ ውጭ አገር የምሄደው በቅርቡ ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያው እሱ እዚህ ይቅር።»

አልተከራከረችኝም። ከነመቅረጫዋ ለወንድሜ ልጅ ሰጠቻት። ሌላ ቦታ የቀረጸችው ሁሉ እዚያው ላይ እንደነበር የወንድሜ ልጅ በኋላ ነው የነገረችኝ። ስትሰናበተኝ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። መልካም ሰው ናት፤ አላህ ያክብራት።

ከዚያ በኋላ የኖርኩትን ኑሮ ኑሮ አልለውም። ስልክ ሲጮህ እደነግጣለሁ፤ ዝም ሲል የበለጠ እደነግጣለሁ። ጎረቤቴ አንዲት ቀልደኛ ሴት ናት፤ ስልኬን በመሐረብ ጠቅልዬ እንስራ ጀርባ ሳስቀምጥ አገኘችኝና፣ «አንቺ ሴት፣ ስልክ ነው ወይስ ጫጩት? ታቀፊዋለሽ እንዴ?» አለችኝ። ሳቅሁላት። ምን ልበላት? ዱዓ ለማድረግ አፌን ስከፍት እንኳ ያ ስንኝ ቀድሞ እንዳይወጣ እየፈራሁ በከንፈሬ ብቻ አደርግ ነበር። ማንጎራጎር ተውኩ። እህል ስሰፍር፣ ልጅ ሳባብል፣ ዝም።

ቁጭ ማለት ስላልቻልኩ መዞር ጀመርኩ። ሰኞ ሰኞ ባቲ እሄዳለሁ። ገበያው የቆላውም የደጋውም ሰው የሚገናኝበት ስለሆነ ከአፋር በኩል የሚመጡትን ግመለኞች እጠይቃለሁ። ወሬ ያለው የለም። አንዱ ሽማግሌ፣ «እናቴ፣ እኛ ጨው ነው የምናውቀው፤ የሰው ልጅ በኛ በኩል ሲያልፍ ስሙን አይነግረንም» አለኝ።

አንድ ሰኞ ከገበያው ስወጣ አንዲት ሴት ተከትላ ነጠላዬን ያዘችኝ። አውቃታለሁ፤ አባቷ ሲሞት ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ዓይኗ አብጧል።

«አላህ ነው ያመጣሽ! ልጄን ባሕር በላው። ጀልባው ተገለበጠ ብለው ደወሉልኝ። ጀናዛ የለኝም፣ መቃብር የለኝም። ነይ አልቅሽልኝ፤ እንደ አባቴ አልቅሽልኝ።»

«መቼ ነው የሄደው?» አልኳት።

የነገረችኝ ወር የልጄ ወር ነው። «ከከሚሴ ልጆች ጋር ነው የሄደው አሉኝ» አለች።

የከሚሴ ልጆች። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም፤ መልሱን መስማት አልቻልኩም። እጄን ይዛ ወደ ቤቷ ትጎትተኛለች፤ እዚያ ድንኳን ተተክሏል፤ ሴቶች ተቀምጠዋል። እኔ ግን አንድ ነገር ነው የሚታየኝ። አፌን ከከፈትኩ የሷ ልጅ አይደለም የሚወጣው። ያ ያልታሰረው ነው የሚወጣው፤ ሽርጡ፣ ባሕሩ። እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ ሴት ሁሉ እየሰማ፣ ልጄን እጨርሰዋለሁ።

«አልችልም እህቴ» አልኳት።

«እንዴት አትችዪም?»

«አፌ እምቢ አለኝ። አልችልም።»

ነጠላዬን ለቀቀችው። «የኔ ልጅ ሰው አይደለም?» አለች። «ለአባቴ ጊዜ በሬ ታርዶ ነበር፣ ያኔ አፍሽ እምቢ አላለም! ሂጂ። ያንቺንም ሰው የሚያለቅስለት ይጣ!»

አሚን አላልኩም፤ አስተግፊሩላህም አላልኩም። ሮጬ ነው የሄድኩት፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በገበያ መሃል። እስከ ከሚሴ ድረስ መኪና ውስጥ እርግማኗን እንደ ዕቃ ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ።

ልጄ የደወለው ተስፋዬን ልጥል ስል ነው። ከሚሴ መናኸሪያ ቆሜ ወደ ባቲ የሚሄድ መኪና እጠብቅ ነበር። የማላውቀው ረጅም ቁጥር ነው።

«እማ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«እማ፣ እኔ ነኝ።»

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ እንጂ! ድምፄን ረሳሽው?»

አላመንኩም። ለቅሶ ቤት በጓሮ ዞሬ ሴቶቹን የምጠይቀውን እሱን ራሱን ጠየቅሁት፤ ሌላ ጥያቄ አልመጣልኝም። «ምን ትወዳለህ? በሬያችንን ማን ብለህ ነው የምትጠራው? ከቤት ስትወጣ በየት በኩል ወጣህ?»

«እማ፣ ምን ሆንሽ? ምርኮኛ ነው እንዴ የምትመረምሪው?» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ የሱ ነው። «በሬውን ቦራ ነበር የምለው፤ በዋናው መንገድ ሳይሆን በነጎረቤት ጓሮ ነው የወጣሁት፣ ዞሬ እንዳላይሽ ብዬ። በቃ? አለፍኩ?»

መናኸሪያው መሃል አፈር ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎች ተሰበሰቡ፤ የሞት መርዶ የደረሰኝ መስሏቸው አንዲቷ ልታለቅስልኝ ጀመረች። «ዝም በይ!» ብዬ ጮህኩባት። «ዝም በይ፣ በሕይወት ነው! ልጄ በሕይወት ነው!»

የመን ታስሮ ነበር። ከዚያ ሳዑዲ ገባ፤ ተራራ ላይ ፍየል ጠበቀ። ብዙ ዘመን ቆይቶ ከሌሎች ስደተኞች ጋር በአውሮፕላን መለሷቸው። ዛሬ ከሚሴ ባጃጅ ይነዳል፤ ከናንተ ከልጅ ልጆቼ ውስጥ ሁለታችሁ የሱ ናችሁ። እኔ ግን፣ ያ ያልታሰረው እንዳይወጣ ብዬ፣ ከዚያ ወዲያ ሙሾ አውርጄ አላውቅም። ለቅሶ ቤት እሄዳለሁ፤ ውሃ እቀዳለሁ፣ ዱዓ ሲደረግ አሚን እላለሁ፣ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። የጠየቃችሁኝ መልሱ ይኸው ነው።

የቀረችውን ግን እኔም ያወቅኋት በቅርቡ ነው። ልጄ ከተመለሰ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ከሰዓት የባጃጁን ጎማ ደጅ ላይ ሲለጥፍ አጠገቡ ተቀምጬ ስለዚያች መምህርት አጫወትኩት፤ ለሕያው ሰው ስለተቀመጡት የጥንት ሴቶች፣ ሊቃውንቱ እንዴት እንደሚከራከሩባቸው። ወንዙ ዳር የሆነውን አልነገርኩትም። ለሱ ነግሬው አላውቅም።

እጁ ቆመ። «እማ፣ እኛም እኮ አድርገነዋል» አለኝ።

ጀልባ ሲጠብቁ ነው። ባሕሩ ዳር፣ እሾሃማ ዛፍ ሥር፣ አሸዋ ላይ ተኝተው ከልጆቹ አንዱ፣ «ብንሰምጥ ጀናዛ የለን፤ ማን ያለቅስልናል?» አለ። ሌላው ወደ ልጄ ዞሮ፣ «ያንተ እናት አልቃሽ አይደለች? አንተ አውርድልን» አለው። መጀመሪያ ሳቁ። በኋላ አንድ በአንድ እየመጡ ፊቱ ተቀመጡ። እሱም በልጅነቱ ድንኳን ጀርባ ሳስተኛው፣ የተኛ መስሎኝ፣ የሰማውን አደረገ። ምን ትወዳለህ? በሬህ ማን ይባላል? በየት በኩል ወጣህ? እያለ ለእያንዳንዱ አወረደለት። በማግስቱ በተለያየ ጀልባ ተጫኑ። ከተለቀሰላቸው የደረሰ አለ፤ ያልደረሰም አለ።

«ላንተስ ማን አወረደልህ?» አልኩት።

«ለኔ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።»

ጎማውን ወደ መለጠፉ ተመለሰ። እኔ ልጠይቀው የምፈራው ሌላ ነበር፤ ግን ጠየቅሁት። «ከነዚያ ውስጥ የባቲ ልጅ ነበር?»

«አንድ ነበር» አለኝ። «ረጅም ልጅ ነው፣ አያቱ ሲሞት ያለቀሰችው እናትህ ናት ብሎኛል። በመጀመሪያው ጀልባ ነው የሄደው። ሳወርድለት እስከ መጨረሻው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ፤ ሲያልቅ፣ ‹እናቴ ብትሰማው ደስ ይላት ነበር› አለኝ።»